የእትዬ ፋናዬ ግለ ሂስ

እትዬ ፋናዬ መሞቷን የሰማሁት አዳማ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ጎማዬ እስኪለጠፍ ቆሜ ነው። የነገረኝ ድሮ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ድሬዳዋ እህቷ ቤት አርፋ ተቀበረች አለኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። እሱም ነፍስ ይማር አለና ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ቀጠለ።

«ጥይት ሞልታ ሰጥታ የዚያን ልጅ እጅ ያስቆረጠችው፣ እሷ አይደለች?»

«አይደለችም!» ብዬ ጮህኩበት። ጎሚስታው ሳይቀር ሥራውን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ። ሰውዬው ደነገጠ፤ ክፉ አስቦ አልነበረም። የሰማውን ነው የተናገረው። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው። ደርግ ወደቀ፣ አሰብ ሌላ አገር ሆነች፣ እኛም በየከተማው ተበታትነን አረጀን፤ ያ ውሸት ግን እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው። ሴትየዋ ገና ከመቀበሯ ከስሟ ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ሆነ። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ልናገር። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ ነበርኩ።

አሰብ የሄድኩት ወደብ ላይ ዕቃ ቆጣሪ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። ግድግዳ ልበለው እንጂ በኔና በእትዬ ፋናዬ ክፍል መካከል የነበረው ስስ ጣውላ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ እዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላለሁ። እንደገባሁ ሰሞን ጠዋት በራፏን ስትጠርግ አግኝቻት «እንደምን አደሩ» አልኳት። መጥረጊያዋን እንደያዘች ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ማንን ነው አንቱ የምትለው?»

«እርስዎን ነዋ፣ እትዬ።»

«እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ ብትለኝ ሰላምታህን አልመልስም። ገባህ ጎረቤት?»

ከዚያ ወዲያ ስሜን አንድም ቀን አልጠራችውም፤ ጎረቤት እንደሆንኩ ቀረሁ። እሷም የወደቡን ኃላፊ «አንተ» ነበር የምትለው፤ ሐኪሙንም፣ ቄሱንም። አብዛኛው ሰው ስቆ ያልፈዋል። ጣጣው የመጣው መሳቅ የማይችል ሰው ሲመጣ ነው።

ቁመቷ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ መንገድ የሚሻገር ሴት ነበረች። የምትሠራው ለጭነት መኪና የሚሆን ሸራ በሚሰፋበት ቤት ነው። መነጽሯን በጫማ ክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። አመሻሹ ላይ ከሥራ ስትመለስ ወንበር ወደ በራፏ ታወጣና እግሯን ውሃ ባለው ሳፋ ነክራ ከኔ ጋር በካርታ ኮንከር ትጫወታለች። ታጭበረብር ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። አንድ ቀን ካርታ ከቀሚሷ ሥር ብቅ ሲል አይቼ «እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላት «ላቤ ነው ያንሸራተተው» ብላኝ ጨዋታውን ቀጠለች። በካርታ እንዲህ የምትሆን ሴት በአንድ ነገር ግን ፈጽሞ አትቀልድም። እሱም ጥይት መሙላቱ ነው።

ባሏ አቶ ተድላ እኔ ሳልደርስ ነው የሞተው። የክሬን ኦፕሬተር ነበር፤ አደን ይወድ ነበር። ፈቃድ የወጣለት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበረው። አሰብ ውስጥ የአደን ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ መልሶ የሚሞላ ማሽን ከአንድ የውጭ አገር መርከበኛ ገዛ፤ ካሉት ሁሉ ርካሹን። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ሞያውን ለሚስቱ አስተማራት። ሲሞት ፈቃዱ በእሷ ስም ዞረ፤ ጠመንጃውም ማሽኑም ከእሷ ጋር ቀሩ። ከአሰብ ወጣ ብሎ ወደ በይሉል በኩል ጅብና ቀበሮ ፍየል የሚፈጁባቸው ከብት አርቢዎች፣ ፈቃድ ያላቸው ሾፌሮች፣ የተድላ የድሮ የአደን ጓደኞች ቀለሃቸውን ያመጡላታል። ፈቃዱን ያላሳያት ሰው ግን ወንድሟ ቢሆንም አትሞላለትም።

ማሽኑን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ጎኑ ላይ ረጅም እጀታ ያለው ነው። ከሥሩ ክብ ሳህን አለው፤ ባዶዎቹ ቀለሆች በሳህኑ ዙሪያ ይቆማሉ። እጀታው አንዴ ሲሳብ በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንዱን ያጸዳል፣ አንዱ ውስጥ ባሩድ ያፈሳል፣ ሌላው ውስጥ እርሳሱን ይጨምራል፣ የመጨረሻውን አፉን ይዘጋል። ከዚያ ሳህኑ ራሱ ይዞርና ሁሉም ወደሚቀጥለው ቦታ ያልፋል። በሳቡት ቁጥር አንድ ሙሉ ጥይት በወዲያ በኩል ዱብ ይላል። ሲያዩት ደስ ይላል።

ግን ርካሽ ነው። ሳህኑን የምታዞረው ጥርስ የፕላስቲክ ነበረች፤ በአሰብ ሙቀት ትለሰልስና አንዳንዴ ሳታዞር ትቀራለች። ሳህኑ ሳይዞር እጀታው ዳግም ከተሳበ፣ ባሩድ በተጨመረበት ቀለህ ላይ ሌላ ባሩድ ይደረብበታል። አፉ ከተዘጋ በኋላ ያ ጥይት ከሌላው በምንም አይለይም። የሚለየው ሲተኮስ ነው፤ ያኔ አፈሙዙን ራሱን ይሰነጥቀዋል።

እትዬ ፋናዬ ያቺን ጥርስ ነቅላ ጣሳ ውስጥ ከታዋለች። ሳህኑን የምታዞረው በጣቷ ነው። እያንዳንዱን ቀለህ መነጽሯን አድርጋ፣ አጎንብሳ ውስጡን ታያለች፤ ካየች በኋላ ብቻ እጀታውን ትስባለች። በዚያን ሰዓት ብታናግሯት አትመልስም። አንድ ሾፌር በሯ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ መኪናው ተነስቷል፣ ቶሎ በይ» እያለ ሲጨቀጭቃት አስታውሳለሁ። ሥራዋን አቆመች፣ መነጽሯን አወረደች፣ ቀለሆቹን ሰብስባ ባዶአቸውን አስታቀፈችው።

«ቶሎ የሚፈልግ ዳቦ ቤት ይሂድ» አለችው።

ሾፌሩ በሚቀጥለው ጉዞው ተመልሶ መጣ። አፉን ዘግቶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

እንግዲህ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የመጣው ምጽዋ ተዘግታ የአገሩ ጭነት ሁሉ አሰብ ላይ በወደቀበት፣ ከተማው ደግሞ በመፈክርና በስብሰባ በተጨናነቀበት ጊዜ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ልጆች አሉት፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ከሰው የተሰበሰቡ የአደን ጠመንጃዎች ለአብዮት ጠባቂዎቹ ታድለው ነበር፤ ጥይት ግን አልነበራቸውም። የበዓሉ ቀን ተቃርቧል። ሊቀ መንበሩ ሰልፍና ተኩስ አሳይቶ በበላዮቹ ዓይን መግባት ፈልጓል። በማዳበሪያ ከረጢት ባዶ ቀለህ አሸክሞ እትዬ ፋናዬ በር ላይ ቆመ። እኔ በራፌ ላይ ሸሚዜን እያጠብኩ ነበር።

«ጓድ ፋናዬ፣ አብዮቱ ጥሪ ያቀርብልሻል።»

«ፀሐይ ላይ አትቁም፣ ግባ» አለችው። «አንተ» መባሉ እንዳቃጠለው ያኔውኑ ፊቱ ላይ አየሁት።

ጉዳዩን አስረዳት። እሷ አልተቃወመችም። «እሞላለሁ» አለች። «ግን በኔ አሠራር ነው። ለበዓሉ የደረሰው ይደርሳል፤ ያልደረሰው ይቀራል።»

«ማሽኑ በተሳበ ቁጥር አንድ ያወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።»

«ያወጣል። ምን እንዳወጣ ግን አያውቅም። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ።»

«ምርትን ማጓተት የማን ባሕርይ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አንተ፣ ሳሙና እኮ አይደለም የጠየቅኸኝ! ሰው ጉንጩን አስደግፎ የሚተኩሰው ነገር ነው።»

ሊቀ መንበሩ ከረጢቱን አሸክሞ ወጣ። በማግስቱ ሁለት ጠባቂዎች መጥተው ማሽኑን ከጠረጴዛው ፈትተው «ለሕዝብ ጥቅም ተፈልጓል» ብለው ወሰዱት። ባሩዱንም ወሰዱ። ያቺ የፕላስቲክ ጥርስ ያለችበትን ጣሳም ወሰዱ።

ከሥራ ስመለስ በራፌ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጎረቤት፣ ተከተለኝ» አለች። ቀበሌው አዳራሽ ስንደርስ ማሽኑ መድረኩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ታስሯል። የፕላስቲኳ ጥርስ ቦታዋ ተመልሳለች። ሁለቱ ጠባቂዎች እየተፈራረቁ እጀታውን ይስባሉ፤ ማን ቶሎ ይስባል እያሉ ይወዳደራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጥይቱ ዱብ ዱብ ይላል። አጎንብሶ የሚያይ የለም።

«ያቺን ጥርስ አውጡ!» ብላ ጮኸች። «ሳህኑ ሳይዞር የሚቀርበት ጊዜ አለ። በአንዱ ላይ ሁለቴ ባሩድ ይገባል። የሞላችሁትን ሁሉ ዘርግፉት!»

ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ አልተነሳም። «ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነጥርሱ ነው» አለ። «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። እኛ ጠገንነው።»

ወደ ጥይቱ ክምር ሄዳ እጇን ስትዘረጋ ጠባቂዎቹ ክንዶቿን ያዟት። እየጎተቱ ከበሩ ውጭ ወረወሯት። ክሩ ተበጥሶ መነጽሯ አሸዋው ላይ ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋት። በቀሚሷ ጠረገችውና ወደኔ ዞረች።

«የጠባቂዎቹን ቤት ታውቃለህ?»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አብረን ዞርን። ጠባቂ ያለበትን ቤት ሁሉ አንኳኳች። ለሚስቶቹ ነገረች፣ ለእናቶቹ ነገረች። አንዳንዱ በሩን ዘጋባት፤ አንዳንዱ «እሺ እትዬ፣ ሂጂልን» አላት፣ ሰው እንዳያይ እየፈራ። መጨረሻ ላይ ሰይፉ ቤት ደረስን። ሰይፉ የወደብ ወዛደር ነው፤ ጉልበተኛ፣ ሳቂታ ወጣት። ከእናቱ ከእማማ የሺ ጋር ይኖር ነበር። ሽርጡን እንዳገለደመ ዓሣ እየበላ አገኘነው።

«አንተ ሰይፉ፣ ከዚያ ጥይት እንዳትተኩስ» አለችው። «ተኩስ ቢሉህ አሞኛል በል።»

«እትዬ፣ አሞኛል ብል ፈሪ ይሉኛል።»

«ይበሉህ! ፈሪ ሁለት እጅ አለው።»

እማማ የሺ ልጃቸውን ትከሻው ላይ መቱት። «እሺ በላት እንጂ!»

«እሺ» አለ ሰይፉ፤ ዓሣውን እያኘከ፣ እየሳቀ።

ቃሉን ሊጠብቅ ሞክሯል። ልምምዱ ከጨው ማምረቻው ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ ተራው ሲደርስ ሆዴን አሞኛል ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ሊቀ መንበሩ በሰው ሁሉ ፊት «ምነው ሰይፉ፣ ያቺ ሴትዮ ቀሚሷን አለበሰችህ እንዴ?» አለው። ሁሉም ሳቀ። ሰይፉም ጠመንጃውን ተቀበለ። የመጀመሪያው ተኩስ በደህና ወጣ። ቀጥሎ የተኮሰው አፈሙዙን ከመሐል በጥሶት ወጣ። ሐኪም ቤት የግራ እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጡት፤ አንድ ዓይኑም ጠፋ።

ሊቀ መንበሩ ሐኪም ቤት አልሄደም። እማማ የሺ ቤትም አልሄደም። በቀጥታ ጠባቂ ልኮ እትዬ ፋናዬን ከሸራ ሥራዋ ላይ አስያዛት። በማግስቱ ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰበና ክሱን አሰማ። እንዲህ ነበር ያለው።

«ይህች ፀረ አብዮት ጥይቱ እንደሚፈነዳ አስቀድማ በየቤቱ እየዞረች ተናግራለች። ራሷ ካላጠመደችው በምን አወቀች?»

ማስጠንቀቂያዋ ማስረጃ ሆነባት! ሰውን ለማዳን ያንኳኳችው በር ሁሉ ተቆጥሮ በእሷ ላይ ምስክር ሆነ። አዳራሹ ውስጥ በራቸውን ያንኳኳችባቸው ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። እማማ የሺ ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሱ።

«ፋናዬ ቤቴ ድረስ መጥታ ልጄን አትተኩስ ብላዋለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«አያችሁ!» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «እናትየውም መሰከሩ!»

አሮጊቷ ለመከላከል የተናገሩት ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ተነጥቆ ክስ ሆነ። እኔ እጄን አውጥቼ ስለ ማሽኑ ጥርስ፣ ስለ ሳህኑ መናገር ጀመርኩ። «ጓድ፣ የምንነጋገረው ስለ ማሽን አይደለም፤ ስለ ፖለቲካ ነው። ተቀመጥ» ተባልኩ። ጠባቂ ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጠኝ።

ያሰሯት የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነበር። አሰብን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ውሃና ምግብ የምናመላልሰው እኔና እማማ የሺ ነበርን። አስቡት፤ እጁን እሷ አስቆረጠችው የተባለው ልጅ እናት ናቸው ምሳ ይዘውላት የሚሄዱት። ከተማው በሙሉ ያያቸዋል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለግ ነበር? ማንም ግን አልጠየቀም። እሷ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሰይፉ እንዴት ዋለ?»

ሊቀ መንበሩም እሷ ጋ ሄዷል፤ ግን ሌላ ነገር ፈልጎ። ከዚያ አደጋ ወዲህ ጥይቱን የሚነካ ጠባቂ ጠፋ። በሩ ላይ ቆሞ «በራስሽ እጅ ሙዪልንና ዛሬውኑ ትወጫለሽ» አላት። ይህን እኔ ውሃ ይዤ ቆሜ ሰምቻለሁ። አጥማጅ ናት ብሎ ያሰራትን ሴት ጥይት ሙዪልኝ ሲል አላፈረም።

«መጀመሪያ ያንን ሕዝብ ሰብስበህ ዋሽቻለሁ በል» አለችው።

በሩን በእርግጫ ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ከፍ ያለ ቦታ ተሾመ። በግ ታርዶ፣ ቢራ ቀርቦ፣ ንግግር ተደርጎ ተሸኘ። የሽኝቱ ሙዚቃ እስከ ዕቃ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

በእሱ ቦታ የተተካው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደካማ ሰው ነበር። ነገሩ እንዲያልቅለት ፈለገ። ዕቃ ቤቱን አስከፍቶ «ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ አድርጊና ውጪ» አላት። «ጥፋት አለብኝ ማለት ነው፤ ሁለት ቃል ናት። ከዚያ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

እሷ «እሺ» አለች።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። እኔ የማውቃት እትዬ ፋናዬ እንዲህ የምትል ሴት አልነበረችም። በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰይፉም መጥቷል፤ ባዶውን እጅጌ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል። እትዬ ፋናዬን ሁለት ጠባቂዎች አስገቧት። ሰፊው ትከሻዋ አጥንቱ ወጥቷል፤ ፀጉሯ ሸብቷል። መድረኩ ፊት ቆመች። ድምፅዋ ግን ያው ነበር።

«ግለ ሂስ አድርጊ ተብያለሁ፤ አደርጋለሁ። ጥፋት አለብኝ።»

አዲሱ ሊቀ መንበር እፎይ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ማሽኑን ሊወስዱ ሲመጡ መዶሻ ቤቴ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብመታው ያልቅለት ነበር። ያስሩኝ ነበር፤ ይኸው ሳልመታውም አሰሩኝ። የሰይፉ እጅ ግን ይተርፍ ነበር። የባሌ ዕቃ ነው ብዬ ሳሳሁ። ለብረት ሳሳሁ። ከዚህ በር ሲወረውሩኝም ተነስቼ ሄድኩ፤ ተመልሼ መግባት ነበረብኝ። ጥፋቴ ይሄ ነው። ጥይት ግን አላበላሸሁም፤ በዕድሜዬም አበላሽቼ አላውቅም። የቀረውን ጥፋት ባለቤቱ ይምጣና ይናገር።»

አዲሱ ሊቀ መንበር በግራ በቀኙ ያሉትን አየ፤ እነሱም እሱን አዩት። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ግለ ሂሱ… ተቀባይነት አግኝቷል» አለ። ምን ይበል? አስቀድሞ የተዘጋጀችለት ቃል ይህች ብቻ ነበረች።

በዚያ ዘመን ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ስንት ሰው ሲጮህ፣ ሲከስ፣ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። የሰው እጅ ተቆርጦ «ጥፋት አለብኝ» ብላ ከልቧ የተናገረች አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ጥፋት የሌለባት ነበረች። ያዘዘው አልተናገረም። እየተሳሳቁ እጀታውን የሳቡት አልተናገሩም። በሜዳው ላይ ሰይፉን የሳቁበት አልተናገሩም።

ስንወጣ እማማ የሺ ከአዳራሹ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆመው ጠበቋት። ቀሚሷን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

«ፋናዬ፣ እውነትሽን ነው? መስበር ትችዪ ነበር?»

«እችል ነበር፣ የሺ።»

አሮጊቷ ፊቷን አተኩረው አዩ። የሚመቷት መስሎኝ ተጠጋሁ። አልመቷትም። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። የልጃቸው እጅ ከተቆረጠ ጀምሮ እንዲያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። እትዬ ፋናዬም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። አልነካቻቸውም፣ አላባበለቻቸውም። ከስብሰባው የሚወጣው ሰው እየዞረ ያልፋል። ሰይፉ ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ቆሟል።

ለቅሶው ሲወጣላቸው እማማ የሺ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ክንዳቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«በይ አንሺኝ» አሉ።

አነሳቻቸው።